የሐይቁ ሁለት ዳር

ጉንቮርን ያንገበገባት ከመታሰቢያው ጽሑፍ የስሟ መቅረት ብቻ አልነበረም። የመንደሩ የቅርስ ማኅበር ሊቀ መንበር ስታፋን፣ በሰው ሁሉ ፊት እጇን መታ መታ እያደረገ «ዕድሜ ነው፤ አንዳንዴ የሰው ትዝታ የራስ ይመስላል» ማለቱ ነበር። እጅ መታ መታ የሚደረገው ለሕፃን ነው። እሷ ይህን ሰውዬ ንፍጡን መጥረግ ከማይችልበት ጊዜ ጀምሮ ታውቀዋለች።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር አዲስ አግዳሚ ወንበር ይመረቃል። በመደገፊያው ላይ የናስ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ የታላቅ እህቷ የዮርዲስ ስም፣ ከሥሩም «የከብት ጥሪዋ ንግሥት» የሚል። ዮርዲስ ካረፈች ቆይታለች። በወጣትነታቸው፣ ከብቱ በበጋ ወደ ተራራው ሲወጣ፣ አንዷ በዚህ ዳር አንዷ በዚያ ዳር ሆነው ቃል በሌለው ቀጭን ዜማ ላሞቹን ይጠሩ ነበር። ዮርዲስ ስትጠራ፣ ላሟ ማዶ ከተገኘች ጉንቮር በዜማ ትመልሳለች። አንድ የሬዲዮ ሰው መጥቶ፣ በሐይቁ መሃል ጀልባ ላይ ተቀምጦ፣ አንዱን ማይክሮፎን ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ አዙሮ ቀድቷቸዋል።

ይህን እስኪታክታት ተናግራለች። ማኅበሩ ቅጂውን ፈልጎ አገኘና ስታፋን በስብሰባው መሃል ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አሰማ። ሁሉም የሰማው አንዲት ሴት ነው። ክፋቱ፣ ጉንቮርም የሰማችው አንዲት ሴት ነው፤ ያውም ቆርቆሮ ውስጥ እንደገባች ዝንብ የምትጮህ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከእጇ ይሾልክባት ጀመር። ማዶ ላይ የቆመችበት ድንጋይ፣ በጤዛ የራሰ የቀሚሷ ጫፍ፣ ከውሃው ላይ የሚነሣው ነጭ ጉም፤ ሁሉም አለ፣ ግን እንደ ሕልም፣ እጅ ሲዘረጉለት ወደ ኋላ የሚል። ዮርዲስ አውርታላት ይሆን? እህቷ የኖረችውን ቆማ እያየች፣ የእኔ ነው ብላ ይዛው ይሆን? እንዲያ ከሆነስ ያ ሁሉ ወጣትነት የማን ነበር?

የልጅ ልጇ ቱቫ ልትወስዳት መጣች።

«እማማ፣ ኮትሽን ልበሺ። ወንበሩ አይጠብቅሽም።»

«መጠበቅ ካልቻለ ምኑን ወንበር ሆነ?»

ቱቫ ሳቀች፤ ከዚያ የአያቷን ፊት አየችና ሳቋን ተወችው። ሐይቁን በሚያየው ደጃፍ ላይ ከጎኗ ተቀመጠች።

«በስልኩ ድምፅ ማጉያ ነው አይደል የሰማሽው? ጥፍር በምታክል ነገር ምን ይሰማል? ቅጂውን ልከውልኛል፤ በማዳመጫዬ እንስማው።» ገመዱን ከኪሷ መዝዛ መፍታት ጀመረች። «በገመድ አልባውም ይሆን ነበር፤ ግን ድምፁን ጨምቆ ነው የሚያመጣው።»

«ታዲያ ሰኪው እንጂ።»

«ስልኩ የማዳመጫ ቀዳዳ የለውም እኮ፤ አስቀርተውታል። መጀመሪያ ይቺን ቅጥያ ማድረግ አለብኝ።»

«ያስቀሩት ሰዎች ጆሮ አላቸው?»

ቱቫ አውቶቡስ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር እንደምታደርገው ተካፈሉት፤ የግራው ለአያት፣ የቀኙ ለልጅ።

ዝንቧ የለችም። ውሃ የጀልባውን ጎን ቀስ ብሎ ይነካል። መቅዘፊያ እንጨት ላይ ይጋደማል። ከዚያ የዮርዲስ ድምፅ ወጣ፤ እንደ ቀጭን የብር ሽቦ ተስቦ፣ ከተራራው ጋር ተላትሞ፣ እየሳሳ እየሳሳ ጠፋ። ጉንቮር ጠበቀች። ውሃ ብቻ። የሚመልስ የለም። ዝምታው እየረዘመ ሲሄድ ራሷን ዝቅ አደረገች።

«የለሁም» አለች።

«እሽሽ፣ እየጠራች እኮ ነው።» ቱቫ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ማን?»

«ዮርዲስ ናታ።»

«ዮርዲስ ጨርሳለች።»

«ኧረ አሁን መጀመሯ ነው!»

ተያዩ። በዚህ መሃል በጉንቮር ጆሮ ውስጥ ሽቦው እንደገና ተሳበ።

«አሁን ዝም አለች» አለች ቱቫ።

«አሁን ነው የጀመረችው» አለች ጉንቮር።

ቱቫ የቀኙን ከጆሮዋ አውጥታ በአያቷ ጆሮ ውስጥ አደረገችው።

ያን ጊዜ ሐይቁ በራሷ ውስጥ ተዘረጋ። ከፊቷ ያለውም፣ በውስጧ ያለውም አንድ ውሃ ሆነ። በግራ ዮርዲስ ቆማለች። በቀኝ፣ ከማዶ፣ አንዲት ልጅ ትመልሳለች፤ ከፍ ስትል ትንሽ የምትሻክር፣ ትንፋሽዋን ሳትሞላ የምትቸኩል። ጉንቮር ይህችን ችኩል ታውቃታለች። ሁለቱ ድምፆች ከአንድ ማሕፀን እንደወጡ ያስታውቃሉ፤ አንድ ጠባብ ቦታ ካጨቋቸው ማንም አይለያቸውም። አሁን ግን በመካከላቸው ጉሙ፣ ርቀቱ፣ ላሞቹ ነበሩ። ዮርዲስ ዝም ያለችበት ጊዜ ባዶ አልነበረም። እያዳመጠች ነበር። እሷን ታዳምጥ ነበር።

ወንበሩ ጋ ሲደርሱ ሰዉ ተሰብስቧል። ስታፋን መቀሱን ይዞ ጥብጣቡ ፊት ቆሟል።

«አክስቴ ጉንቮር፣ ከፊት ቦታ ይዤልዎታለሁ።»

ቱቫ ቀደመች። «ሁለት ናቸው፣ ስታፋን። ስልክህ ሁለቱን ደራርቦ ነው አንድ ያስመሰላቸው። ለየብቻ ሰምተናቸዋል።»

ሰውዬው አንገቱ ድረስ ቀላ። የናሱን ጽሑፍ፣ ሰዉን፣ እንደገና ጽሑፉን አየ።

«እንግዲያው... ከሥር ትንሽ ቦታ አለ። ስምዎን እናስገባዋለን፤ ችግር የለውም።»

ጉንቮር ጽሑፉን ዞር ብላ አላየችውም። ማዳመጫዎቹን በኮቷ እጅጌ ጠረገችና ዘረጋችለት።

«ስሜ ይቆይ። አንተ መቀሱን አስቀምጥና ወንበሩ ላይ ቁጭ በል፤ ፊትህን ወደ ውሃው። ይኼ ለግራህ፣ ይኼ ለቀኝህ። እሷ ዝም ስትል አለቀ ብለህ እንዳትነሣ።»