ጉበቱ ለትንሿ

እናንተ ለምትወዱት ሰው ከዓሣ የቱን ታወጣላችሁ? ለስላሳውን ሥጋ? ወፍራሙን የጀርባ ቁራጭ? በዚያ ቤት የሚወጣው ጉበቱ ነበር። የሚወጣውም ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም ከትናንት በስቲያ ተቀበረች።

«አባትየው እኮ ነው» አለች ሰፈሩ «ሬዲዮ» የሚላት ጎረቤት፣ ማድ ቤት ውስጥ የሻይ ብርጭቆ እያለቀለቀች። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። «በገዛ እጁ ነው ያበላት። የዓሣ ጉበት፣ የዓሣ ጉበት ሲል...»

«እትዬ፣ ማሰራጫሽን ዝጊልኝ» አለች የሟቿ ታላቅ እህት በሩ ላይ ቆማ። «አባባ ከግድግዳው ወዲያ ነው ያለው።»

ሬዲዮ ደንግጣ ብርጭቆው ከእጇ አመለጣት። «እኔ እንኳ... ሰው ያለውን ነው።»

«ሰው ያለውንማ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ታላቂቱ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ናት። ድምፅዋ የሚሄድ መኪና ያስቆማል ይባልላታል። በእነዚህ የሐዘን ቀናት ግን ያ ድምፅ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክቶ ቀርቷል። የሰካውም መሐላ ነው።

ሻዩን ይዛ ወደ ሳሎን ገባች። ዓሣ አጥማጁ አባቷ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ እጆቹን ያያል። እነዚያ እጆች ጎህ ሲቀድ አምባዛ ይዘው ይገቡ ነበር። ሆዱን ይከፍታሉ፤ ሥጋው ገበያ ይወጣል፤ ጉበቱ ግን አይሸጥም። ትንሿ ስትወለድ ከሲታ፣ ንፋስ ይወስዳታል የተባለች ነበረች። «ጉበት ደም ይሆናል» ይላል አባት። ጠርዟ የተሸረፈችውን ሳህን ያወጣል፣ ጠርዙን በእጅጌው ይወለውላል፣ ጉበቱን አድርጎ ትንሿ ፊት ያስቀምጣል።

«ለእኔስ?» ትላለች ታላቂቱ።

«አንቺማ ድንጋይ ብትበይ ይስማማሻል!»

እሱ ይስቃል፤ እሷ ታለቅሳለች። ትንሿ አድጋ ልብስ ሰፊ ሆነች፤ ሳህኗ ግን አልቀረችባትም። ታላቂቱም አድጋ ቅናቷ አልቀረላትም። ያንን ቅናት ዛሬ ምን ታድርገው? ያልተሰጣት ፍቅር ነው ያተረፋት።

ነገሩን የሰማችው ከትንሿ የኩላሊት ሐኪም ነበር። የትንሿ ፊት አብጦ፣ አጥንቷ አላራምድ ብሏት አብረው ሄደው፣ ሐኪሟ ደሟ ውስጥ ካድሚየም የሚባል ብረት አገኘች። «የባትሪ ብረት ነው። ምንድን ነው የምትበይው?» ትንሿ ስለ ጉበቱ ነገረቻት። ሐኪሟ ቀስ ብላ፣ «የወንዙ ውሃ ያልፋል፤ ብረቱ ግን አያልፍም» አለች። «ጭቃው ውስጥ ይቀራል። ትሉ ጭቃውን ይበላል፣ አምባዛው ትሉን ይበላል፣ ጉበቱ ያጠራቅመዋል። ከዚያ ደግሞ አንቺ።»

አባት የሚያጠምድበት ወንዝ ዳር ያለው የባትሪ ፋብሪካ አንድ ብቻ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ትንሿ የእህቷን ክንድ ያዘች። «አባባ እንዳይሰማ። ጉበቱ መሆኑን ካወቀ አብሮኝ ይሞታል። አንቺን ልቅበር ብለሽ ማይልኝ።»

ታላቂቱ ማለች። መሐላዋን ጠበቀች፤ ቢሆንም ቀበረቻት።

ሻዩ ሳይቀዘቅዝ የፋብሪካው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የአበባ ጉንጉን አስይዞ ገባ። ጫማው ያበራል፤ ፊቱን በልክ አሳዝኖታል። ከአባት አጠገብ ተቀመጠ።

«አባት፣ እግዜር ያጥናዎት። ድርጅታችን ሐዘንዎን ይጋራል። አንዳንድ ሰው ያልሆነ ነገር ሊያወራ ይችላል፤ ውሃው ግን ሁልጊዜ ይመረመራል። በራችን ላይ ተጽፏል።»

እውነት ነው፣ ተጽፏል። «የዛሬው የወንዝ ውሃ ንጹህ ነው» ይላል ሰሌዳው፣ በአረንጓዴ የዘይት ቀለም። በዘይት ቀለም የሚጻፍ ዛሬ ምን ዓይነት ዛሬ ነው? ስንት ክረምት ዘንቦበት ያልለቀቀ ዛሬ!

ታላቂቱ ጥርሷን ነከሰች። «ዓሣውን መርምሩ» ብትል አባቷ ይሰማል። ዝም ብትል ይኼ ሰውዬ እህቷን ሁለተኛ ቀብሯት ይወጣል።

«ልጄ፣» አለ አባት፣ «ውሃውን ትመረምራላችሁ?»

«ያለማቋረጥ፣ አባት።»

«ዓሣውንስ?»

አባት ከኪሱ ጠርዙ በእጅ የተሰፋ መሐረብ አወጣ። መሐሉ ላይ ቡናማ እድፍ ደርቋል።

«ከስፌት መኪናዋ ሥር ነው ያገኘሁት። ወደ መጨረሻው ጊዜ ጉበቱን በዚህ እየጠቀለለች ትደብቅ ነበር። ‹ጣፈጠኝ አባባ› ትለኛለች ደግሞ። ያልወደደችውን ፊት ለፊት የምትናገር ልጅ ነበረች። ስለዚህ የደበቀችው ለእኔ ብላ ነው። የማድ ቤቱንም ወሬ ግድግዳው አላገደልኝም።» ወደ ታላቂቱ ዞረ። «አንቺም አፍሽን የያዝሽው ለእኔ ብለሽ ነው። በቃ፣ ልቀቂው።»

«አባባ...»

«እሷን ያበላሁ እኔ ነኝ። አልክድም፤ ይዤው እቀበራለሁ። ዓሣውን ያበላው ማነው?»

ኃላፊው ተነሣ። «ይኼ... ቢሮ ብትመጡ፣ ረጋ ብለን ብንነጋገር ይሻላል።»

ያኔ የተሰካው አጥንት ወለቀ። የታላቂቱ ድምፅ የመስኮቱን መስታወት አንቀጠቀጠው። «ውሸቱን በር ላይ ሰቅላችሁ እውነቱን ቢሮ ውስጥ? አንመጣም! ነገ ጠዋት ፈረቃ ሲቀየር ሰሌዳህ ሥር ጠብቀን። አበባህንም ይዘህ ሂድ፤ ለወንዙ ይሆንሃል!»

ከማድ ቤት ሬዲዮ አንገቷን ብቅ አደረገች። በእጇ የያዘችው ጨርቅ ውሃ ያንጠባጥባል።

«እትዬ፣» አለቻት ታላቂቱ፣ «ማሰራጫሽን አሁን ክፈቺው።»

ሬዲዮም ሥራዋን ሠራች። ጠዋት የፋብሪካው በር ላይ የቆመው ሰው የሚገባውንም የሚወጣውንም ፈረቃ አቆመው። በረኛው እጁን ዘርግቶ «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ» ቢልም የሚሰማው አላገኘም። አባት አምባዛውን ጎህ ሲቀድ አጥምዶ ከፍቶታል። ከሰሌዳው ሥር በርከክ አለ፤ የተሸረፈችውን ሳህን አወጣ፣ ጉበቱን አደረገባት። ሊያስቀምጣት ሲል ገታ አለ። እጅጌውን ስቦ ጠርዟን ወለወላት፣ ዙሪያዋን፣ ቀስ ብሎ፣ ልክ እንደ ድሮው። ቀና ብሎ የሚሰጣትን ልጅ ፈለገ። ከዚያ ሳህኗን በሁለት እጁ ወደ በሩ ገፋት።

ታላቂቱ የሚሄድ መኪና በምታስቆምበት ድምፅ ጮኸች።

«ይኼንን መርምሩ! ውጤቱንም ሰው ሁሉ በቆመበት፣ እዚሁ ሰሌዳችሁ ሥር አንብቡልን! ዓሣውን ያበላው ማነው? ውጡና መልሱ!»