አዲሱ ካሜራና የቱሊ ሠርግ

ኒላድሪ አዲሱን ካሜራ ከሣጥኑ ያወጣው ሙሽሪት ገና ተኳኩላ ሳትጨርስ ነው። ያወጣውም እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ነው።

"አክስቴ፣ ይኸውልሽ! ሁለተኛው ትውልድ" አላት። "ያንቺ አንደኛው ነው። እሱማ ድሮ ቀረ።"

ሞንጁላ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርግ ያነሳች ሴት ናት፤ ሰሜን ካልካታ ውስጥ እሷ ያላነሳቻት ሙሽራ ካለች ሳታገባ የቀረች ናት። የዚሁን ካሜራ አንደኛውን ትውልድ ስድስት ዓመት አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች፤ የእጀታው ጎማ ተላልጧል። ሁለተኛውም ያው ነው፤ ያው ቁመት፣ ያው ሌንስ፣ ስሙ ላይ ብቻ አንድ ቁጥር ተጨምሮበታል።

"ምን ጨመሩበት?"

"ምን ያልጨመሩት አለ! ያንቺ በሰከንድ አስር ያነሳል፣ ይሄ አርባ። ያንቺ እጅ ሲንቀጠቀጥ ይደበዝዝበታል፣ ይሄ ደንታም የለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይን ይፈልጋል! የሰው ዓይን፣ የድመት ዓይን፣ የወፍ ዓይን። አንቺ መጫን ብቻ ነው፤ ዓይን ያገኘበት ላይ አረንጓዴ ሣጥን ያስቀምጥና እሱን አጥርቶ ያነሳልሻል።"

"የወፍ ዓይን? እሰይ! የልጄን ሠርግ ቁራዎች ይታደሙልኛላ!"

አፏ ይቀልዳል እንጂ ሆዷስ አልቀለደም። የምትዳረው ልጇ ቱሊ ናት፤ እናት ደግሞ የልጇን ጋብቻ አታይም፤ ካየች ለትዳሩ ክፉ ነው ይባላል። ሞንጁላ በዚህ ወግ ስንት ጊዜ ስቃለች! አማቷ ግን "ምራቴ ውጭ ከታየች እህል አልቀምስም" ብለው ማሉ። እንዲህ ሆነና የሦስት መቶ ሙሽሮችን የመጀመሪያ መተያየት ያነሳች ሴት የራሷን ልጅ በሰው ካሜራ ልታይ ተፈረደባት። ሰው ልቅጠር ብትል ደግሞ "የቤት ልጅ እያለ ባዕድ?" ተባለች። የቤት ልጅ የተባለው የባሏ የወንድም ልጅ፣ ይኸው ኒላድሪ ነው።

"ስማኝ" አለችው እጁን ይዛ። "ቱሊን ሳንቃ ላይ ተሸክመው ሙሽራውን ሰባት ጊዜ ሲያዞሯት ዓይኗን በሁለት ሰፋፊ የፓን ቅጠሎች ትሸፍናለች። ከዚያ ቅጠሉን ዝቅ ታደርግና ይተያያሉ። እኔ የምፈልገው ያቺን ነው። አንድ ጊዜ ናት፣ አትደገምም። ዓይኗ ተሸፍኖ ሳለ ማሽንህ ዓይን ፍለጋ ሌላ ሰው ጋ ይሄዳል። አጥፋውና ቅጠሉ ላይ በእጅህ አጥራ። እምቢ ካልክ የኔን ያዝ።"

ኒላድሪ የእሷን ካሜራ በሁለት ጣቱ አንሥቶ መለሰላት። "ኧረ አክስቴ፣ ይሄንን እኮ በኪሎ ነው የሚሸጡት!"

አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይባላል። ሞንጁላ አያያዙን አይታለች፤ መቀማቱን ነው የተወችው።

ሥርዓቱ ሲጀመር አማቷ ከዘራቸውን ይዘው በመኝታ ቤቷ በር ላይ ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። ሞንጁላ አልጋው ጫፍ ላይ ካሜራዋን ታቅፋ እልልታውን ትቆጥራለች። አንድ ዙር። ሁለት። በሰባተኛው የባሕር ዛጎሉ እንደ መለከት ተነፋ፣ ሰዉም ጮኸ። አሁን ተያዩ ማለት ነው። ጣቷ ሳታዘው ቁልፉን ተጫነና ባዶውን ግድግዳ አነሳችው።

ኒላድሪ እየበረረ ገባ። "አራት መቶ ሃያ ፎቶ!"

ተቀብላ አየች። በመጀመሪያው ፎቶ ቱሊ ጭጋግ ሆናለች። ከኋላዋ ግን የሙሽራው አጎት አፉን በርግዶ ሲያዛጋ ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሁለተኛው፣ አጎቱ። ሃምሳኛው፣ አጎቱ። መቶኛው ላይ አጎቱ አዛግቶ ጨርሷል።

"ድንቅ ነው!" አለች። "ለአጎቱ ኖሯል የዳርናት?"

"ቅጠሉን ስታወርድ ወደሷ ይመለሳል ብዬ..."

"ፎቶውን ተወው። አንተ አጠገቧ ነበርክ። ቅጠሉን ስታወርድ ሳቀች ወይስ አለቀሰች? እሱን ብቻ ንገረኝ።"

"አክስቴ... እኔ የማየው አረንጓዴውን ሣጥን ነበር።"

ሞንጁላ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ ተነሣች። አማቷ በሩን በከዘራቸው ዘጉባት።

"ወዴት? ቀዩ የሲንዱር ዱቄት እናቷ ላይ... ምን ነካኝ፣ አናቷ ላይ መች ተቀባና! ጋብቻው አላለቀም! የእናት ዓይን ክፉ ነው ስልሽ!"

"እማማ፣ ዛሬ እዚህ ቤት ዓይን ያለው ሰው ጠፍቷል። ክፉም ቢሆን የኔ ይሻላል" አለችና ከዘራውን ተሻግራ ወጣች።

ሙሽራው በሥርዓቱ እሳት አጠገብ የቱሊን የፀጉር ክፋይ በቀዩ ዱቄት ሲቀባ ደረሰች። ቱሊ ቀና ስትል እናቷን አየቻት። ሞንጁላ በእጇ አጥርታ አንዲት ፎቶ አነሳች፤ አንዲት ብቻ።

በማግስቱ ኮምፒዩተር ላይ ከፈተችው። ከኒላድሪ ፎቶዎች ሁሉ የባሰ ነው፤ ቀይ ጭጋግ ብቻ። ያን ጊዜ ዓይኗ እንባ ሞልቶ እንደነበር አሁን ገባት።

ኒላድሪ ከኋላዋ አንገቱን አሰገገ። "አንቺም ደበዘዘብሽ!"

"ደበዘዘብኝ። ግን ጠይቀኝ እስቲ። ምን ትመስል እንደነበር ከጉትቻዋ እስከ አገጯ እነግርሃለሁ።"