ክዳኑ ሳይገጠም

የሥዕል ቤቱ ባለቤት ፉንግ ውሳኔውን የተናገረው ሩዙን እየበላ ነው። በሥዕል መጽሔት ሊቀጥሉት በተነሡት ፊልም መጨረሻ ከአውሬ ጋር ተያይዛ ገደል የገባችው ጀግና፣ ባለማጭዷ፣ በሥዕል መጽሔቱ የመጀመሪያ እትም ትቀበራለች። ከዚያ በኋላ ጀብዱው ሁሉ የልጇ ይሆናል።

«እናት ካልሞተች ጀብዱ አይጀመርም» አለ፣ በመመገቢያው እንጨት ሳህኑን እየቆረቆረ።

ሠዓሊዋ ዩክላን ሌላ ሐሳብ ነበራት። ቀደም ብላም ነግራው ነበር። ባለማጭዷ ከገደሉ ትወጣለች፤ ጸጉሯ ሸብቷል፣ ጉልበቷን ይቆረጥማታል፤ ግን ክፉ ክፉውን ቀድማ ስለምታስብ፣ ሌላው ገና ሲያዛጋ እሷ ወጥመዱን አይታዋለች። ፉንግ ስቆባት ነበር። ጉልበቷን የሚያማትን ጀግና የትኛው ልጅ ይገዛል አላት።

ዩክላንም ከክፉ በቀር የሚታሰባት የለም። ጠዋት ልጇን ፑይሻንን ትምህርት ቤት ስትሸኝ ትራሙ ሲገጫት ይታያታል፤ ከፎቅ የአበባ ማሰሮ ሲወድቅባት ይታያታል። ፊልሙን አብረው ያዩ ዕለት ግን፣ ልጅቷ የእናቷን ክንድ ጭምድድ አድርጋ «እማ፣ ሞተች?» ስትላት፣ ከየት እንደመጣ በማታውቀው ድፍረት «ትመለሳለች» ብላታለች። ፑይሻን ከዚያ ወዲህ መጽሔቱ እስኪወጣ በመጠበቅ ዓይኗ ቀልቷል።

በዋንቻይ ሰፈር ባለው የፉንግ ሥዕል ቤት አንድ ገጽ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አንዱ ተራራውንና ቤቱን ይሥላል፤ ሽማግሌው አጎት ሖይ ገላውንና ልብሱን ይሥላል፤ የፊት ቦታ ባዶ ይቀራል። ባዶውን መጨረሻ ላይ የምትሞላው ዩክላን ናት።

የቀብሩ ገጽ ከሰዓት በኋላ ደረሳት። የማተሚያ ቤቱ ሰው ሊወስደው መጥቶ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ራሱን ያራግባል። አጎት ሖይ የቀብሩን ሥርዓት አላጎደለም። ሳጥኑ ሲከደን ቆሞ የሚያይ ሰው ጥላው አብሮ ይዘጋበታል ተብሎ ስለሚታመን፣ ለቀስተኛው በሙሉ ጀርባውን ሰጥቷል። ክዳኑን የያዙት እንኳ ፊታቸውን አዙረዋል። ሳጥኑ ውስጥ ባለማጭዷ ማጭዷን ታቅፋ ተጋድማለች፤ ፊት የላትም።

ዩክላን መጀመሪያ ብሩሾቿን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ መባረሯ አይቀርምና። አንዱን አስቀርታ ቀለም ውስጥ ነከረች። ግንባሩን ሣለች፣ በዓይኗ ጥግ ያለውን ሽብሽብ ሣለች፣ ከዚያ ሁለቱን ዓይኖች ክፍት አድርጋ ብሌናቸውን ነጥብ ነጥብ አደረገች።

አጎት ሖይ አንገቱን አስግጎ አየና ሳል ያዘው።

«እህት ዩክላን፣ ሬሳ እንዲህ አያፈጥም።»

«ሬሳ አልሣልኩም፣ አጎቴ።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰበና ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እኔም እንግዲህ ጀርባዬን ሰጥቻለሁ» አለ።

ፉንግ ገጹን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። ሲመለስ የነጩን ቀለም ጠርሙስ ገፋ አደረገላት።

«ዝጊያቸው።»

«አልዘጋም።»

ያን ሁሉ ለቀስተኛ ዕውር ልታደርጊው ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። ዩክላን ብሩሹን ወደ እሱ ዘረጋች።

«ማንም አላየም፣ መምህር። ሥርዓቱ ይጠበቅ ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ሁሉም ዞሯል። ያየው አንባቢው ብቻ ነው። ሌላ ፊት ከፈለጉ ብሩሹ ይኸው።»

ፉንግ ብሩሹን ተቀበላት። ነጩ ቀለም ውስጥ ነክሮ ወደ ወረቀቱ አስጠጋ። የሴትዮዋ ዓይኖች ሽቅብ እሱን ያዩታል። እጁ እዚያው አየር ላይ ቆመ። የማተሚያ ቤቱ ሰው ልሂድ ወይስ ልተኛ ብሎ ጠየቀ።

«ዕቃሽን ጠቅልለሻል» አለ ፉንግ ቦርሳዋን እያየ።

«ጠቅልያለሁ።»

«ማን ያወጣታል ከሳጥኑ? ልጇ?»

«ራሷ። ማጭዷን አልቀሟትም።»

ፉንግ የታቀፈችውን ማጭድ አየ። ከዚያ ግድግዳውን የሚያየውን አጎት ሖይን አየ። ብሩሹን በጨርቅ ጠርጎ ገጹን ለማተሚያ ቤቱ ሰው ሰጠው።

«መጽሔቱ ካልተሸጠ እዚያ ሳጥን ውስጥ የምትገቢው አንቺ ነሽ» አላት።

«እሱንማ ጠዋት አስቤዋለሁ» አለች ዩክላን፤ ቦርሳዋንም አልፈታችም።