ሰፋሁ፣ ሰፍቻለሁ

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የምሰፋላት ሴት እንኳን "ቀሚሱ ጠበበኝ" የምትለኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። እንዲያም ሆኖ ያሳደግኳትን እህቴን ላውራላችሁ።

ታናሽ እህቴ ሚጢ ትልቁ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ልትሆን አመልክታ የጽሑፉን ፈተና አለፈች። የቀራት ከሥራ አስኪያጇ ጋር በእንግሊዝኛ መነጋገር ነበር። ሥራ አስኪያጇ የውጭ አገር ሰው ናት፤ አማርኛ አትሰማም። ሚጢ ደግሞ አምና ሌላ ቦታ በእንግሊዝኛ ግስ የተነሳ ወድቃ ስታለቅስ ከርማለች። አሁንም ከወደቀች እንግሊዝኛ የሚባል ነገር ሁለተኛ ላታነሳ ምላለች።

ስለዚህ ልብስ ስፌት ቤቴ አስቀምጬ ማስጠናት ጀመርኩ። የስፌት መኪናዬ ሲንጣጣ እሷም "ጎ፣ ዌንት፣ ጎን" እያለች ታወርደዋለች። እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። "እሺ፣ ሦስተኛው መቼ ነው የሚባለው?" ስላት ግን ደብተሯን ዘጋች።

"እትዬ፣ ያለፈ አለፈ። ሁለት ዓይነት ያለፈ ምን ያደርግላቸዋል?"

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁትን!" ብዬ ጮኽኩባት።

በዚህ መሀል አንዲት ደንበኛ ገባች።

"ቀሚሴስ?"

"ሰፍቼዋለሁ፤ ያው ተሰቅሏል።"

"ውይ! መቼ ሰፋሽው?"

"ትናንት ሰፋሁት። ልብስሽን ነው የፈለግሽው ወይስ ቀኑን?"

ሚጢ ከወንበሯ ብድግ አለች። "እትዬ! ሁለቱንም እኮ ተናገርሽ! ቀኑን ስትጠየቂ ሰፋሁ፣ ሥራው አልቆ ይኸው ስትዪ ሰፍቻለሁ። ለካ እኛም አለን!"

ደንበኛዋ ግራ ገብቷት ቀሚሷን ይዛ ወጣች። ሚጢ ግን የቆረጥኩትንም፣ የተኮስኩትንም፣ ገና ያልነካሁትንም በእንግሊዝኛ ስትናገር ዋለች። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

የፈተናው ቀን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። በሩ ገርበብ ብሏል። ሚጢ "ሲስተር፣ ሲስተር" ስትል ይሰማኛል። ድንገት ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች። ደሜ ፈላ፤ በሩን በርግጄ ገባሁ።

"ምን ያስቃል? እናታችን ስትሞት ትምህርቴን ትቼ መርፌ ያነሳሁት እሷ መሳቂያ እንድትሆን አይደለም! አሳድጌያታለሁ፣ አስተምሬያታለሁ! ዛሬ ብትጥያትም ነገ ሌላ ቦታ ትሠራለች!"

ሴትዮዋ ክው አለች። ከዚያ ወደ ሚጢ ዞራ ምን እንዳልኩ ጠየቀቻት መሰለኝ። በቃ፣ በገዛ እጄ አበላሸሁባት አልኩ። እህቴ ግን ቀጥ ብላ ተቀምጣ የተናገርኩትን አንድ በአንድ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ከእናታችን ሞት ጀምራ እስከ ነገው ድረስ፣ አንዴም ሳትደናቀፍ! ቃሉ ባይገባኝም ኩራቱ ሊያፈነዳኝ ደረሰ።

ሴትዮዋ ተነስታ መጀመሪያ የእኔን እጅ ጨበጠች። ቀስ ብላም የሆነ ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?"

"ሰኞ ጀምሪ አለችኝ።"

"እሰይ የኔ ልጅ! ታዲያ ቅድም ምን አሳቃት?"

"በዓለም ላይ ማንን ትፈሪያለሽ ብላ ጠየቀችኝ። እህቴን አልኳት።"