ስም የሌለው ወጪ

ባንችይርጋ ፊደል አልቆጠረችም። በዚህ የሚያፍርላት ካለ ይፈርላት እንጂ እሷ አፍራበት አታውቅም። ላሊበላ ገበያ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ ስትሸጥ ያረጀች ሴት ናት፤ ቅቤ ደግሞ ሰውን ያስተምራል። ላዩ ወርቅ የመሰለ ቅል ከሥሩ ድንች ተቀቅሎ ተለውሶበት ይገኛል። ስለዚህ ባንችይርጋ ጣቷን እስከ ሥሩ ሳትሰድ መቀነቷን አትፈታም። ሰውንም የምታምነው እንደዚያው ነው።

የላስታ የጥንት ገንዘብ ሰብሳቢዎች ማኅበር የሣጥኑን አንድ ቁልፍ የሰጣት ለዚሁ ጠባይዋ ነው። ማኅበሩ ለትርፍ የቆመ አይደለም። አባላቱ ከየአያቶቻቸው ሙዳይ ያወጡትን ጠገራ ብር፣ አላድና መሐለቅ በተከራዩት የድንጋይ ቤት ውስጥ በመስታወት ሥር ደርድረው ለተማሪም ለእንግዳም ያሳያሉ። ገቢው የአባላቱ መዋጮና እንግዳ በር ላይ የሚከፍላት ጥቂት ብር ናት።

የገንዘቡ ሣጥን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት በሦስት ቁልፍ ይቆለፋል። አንዱ ሊቀመንበሩ መሐመድኑር ዘንድ ነው፤ ጋሸና መገንጠያው ላይ ምግብ ቤት ያለው ሽማግሌ። ሁለተኛውን ሒሳብ ያዡ ቢተው ይይዘዋል፤ ኮሌጅ ጨርሶ የመጣ፣ ኑሮውን በአስጎብኚነት የሚገፋ ወጣት። ሦስተኛው ከባንችይርጋ ማተብ ጋር፣ እናቷ ካወረሰቻት ጠገራ ጎን፣ ደረቷ ላይ ይንጠለጠላል። በዓመት አንዴ ሒሳቡ በጉባኤ ይነበባል። ሦስቱም «ተቀብያለሁ» ካላሉ ሣጥኑ አይከፈትም፤ ሣጥኑ ካልተከፈተ ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ምንም አይሠራም።

ዘንድሮ የሚጠብቃቸው ሥራ ጣሪያው ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ውሃው በመስታወቱ ላይ ይንጠባጠባል። አምና በጀት ሲወጣ፣ ከጠገራው አንድ ዓይነት ሆኖ የተደራረበውን ለአንድ የአዲስ አበባ ሰብሳቢ ሸጠው ጣሪያውን ሊከድኑ ተስማምተው ነበር። ጠገራው ተሸጠ። ጣሪያው ግን እንዳለ አለ።

ጉባኤው የተቀመጠው ከግንቦት ልደታ በኋላ፣ ሰማዩ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል መጥቆር ሲጀምር ነው። ቢተው ቆሞ አነበበ። የቤት ኪራይ አለ፣ የዘበኛ ደመወዝ አለ፣ የመስታወት መጠገኛ አለ። «ልዩ ልዩ ወጪ» ሲል ድምፁ ቀነሰ፤ ብሩ ግን ከኪራዩ ይበልጥ ነበር።

«ቁም እስቲ» አለች ባንችይርጋ።

«አቤት እማማ።»

«ኪራይን አውቀዋለሁ። ዘበኛውንም አውቀዋለሁ፣ ያውና በር ላይ ያንቀላፋል። ይሄ ልዩ ልዩ የምትለው ማን ነው? ይህን ሁሉ የበላ ሰው ስም የለውም?»

ጉባኤው ሳቀ። ቢተው አልሳቀም።

«ጥቃቅን ነገር ነው እማማ። የተለያየ።»

«ቁንጫ ቢሰበሰብ በሬ አይሆንም ልጄ። ቁጠርልን።»

መሐመድኑር ኩታውን አስተካከለ። «እትዬ ባንችይርጋ፣ ይህችን ይለፏት። ልጁን እንደሆነ እናውቀዋለን።»

«አንቱ ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ። የማላውቀው ልዩ ልዩን ነው።»

ቢተው ወረቀቱን እያየ ዝም አለ። ዝምታ ደግሞ ባንችይርጋን ያናድዳታል። ቅቤ ሻጭ ዝም ካለ ከሥር ድንች አለ።

«እንግዲያው እኔ ልናገር» አለች። «የማኅበሩ ጣሪያ ሰማይ ያሳያል። ያንተ ቤት አዲስ ቆርቆሮ ግን ከይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ ላይ ሆነው ሲያዩት ዓይን ይወጋል።»

ሳቁ ጠፋ። አንዱ አባል ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው ከጎኑ ወዳለው ዘንበል ብሎ አንሾካሾከ። ላሊበላ ትንሽ ከተማ ናት። ሌባ የተባለ አስጎብኚ ደግሞ እንግዳ አይሰጡትም፤ ይህን የማያውቅ በቤቱ ውስጥ አልነበረም።

«ቆርቆሮው የእየሩስ እቁብ ደርሷት ነው» አለ ቢተው። እየሩስ ሚስቱ ናት። ይህችን ብሎ ተቀመጠ።

«ልዩ ልዩውስ?»

ቢተው ወረቀቱን አጠፈ።

«እንግዲህ ቁልፌ ከአንገቴ አይወርድም» አለች ባንችይርጋ።

መሐመድኑር ተነሣ። «አንድ ጊዜ ይከተሉኝ» አላትና ገንዘቡ ወደሚታይበት ክፍል ይዟት ገባ። በሩን ገጠም አደረገው። ከመስታወቱ ሥር ሁለት ጠገራ አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። አንዱ እንደ ምጣድ ቂጥ የጠቆረ ነው፤ ሌላው ያበራል።

«የትኛው ያምርዎታል?»

«ምን ይጠይቁኛል? የሚያበራው ነዋ።»

«ማን አበራው?»

ባንችይርጋ መልሱን አፏ ላይ አድርሳ ቆመች። ለገና ነበር። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ከተማው ሲጠረግ፣ የማኅበሩ ጠገራ ጠቁሮ ማየቱ አሳፍሯት፣ ሎሚና የተነፋ አመድ ይዛ መጥታ አመዱ እስኪያልቅ አንድ በአንድ ፈተገችው። የላስታ ሴት ለጥምቀት የአንገቷን ብር እንዲህ ነው የምታበራው። ማንም እጠቢ አላላትም፣ እሷም ማንንም አልጠየቀች። እጅሽ ይባረክ ያላላት አልነበረም፤ መሐመድኑርም ብሏታል።

«ገዢው ባጉሊ መነጽር አገላብጦ አየው» አለ መሐመድኑር። «ዕድሜውን አጥባችሁታል አለን። ከታሰበው ግማሹን ከፍሎ ሄደ።»

«ብር ጠቁሮ ምን ይረባዋል?»

«እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ሰዎቹ የሚገዙት ለካ ጥቁረቱን ነው።»

«ልጁስ?»

«ልጁማ በታሰበው ዋጋ እንደተሸጠ አድርጎ ገቢ ጻፈ። የጎደለውን ደግሞ ልዩ ልዩ ብሎ ከወጪ ጨመረው። እማማን በጉባኤ ፊት አላዋርድም አለኝ። እኔም አፌን ያዝኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

ባንችይርጋ የሚያበራውን ጠገራ በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። አሁን ገብታ «ተቀብያለሁ» ብትል ነገሩ እዚሁ ይቀበራል። ሣጥኑ ይከፈታል፣ እሷም እንደተከበረች ቤቷ ትገባለች። የቆርቆሮው ነገር ግን ከአፏ ወጥቷል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ከቅቤዋ ቀድሞ ይሸጣል። ገዢው ደግሞ ብዙ ነው።

«አንቱም ልጁም አበላሽታችሁታል» አለችው። «ለእኔ ብሎ ሌባ ይባል ያለው ማን ነው? ሽማግሌ ማክበር እንዲህ ነው እንዴ?»

ተመልሳ ገባች። አልተቀመጠችም።

«ቢተው፣ ተነሥ። እዚያች ላይ ድገማት።»

«የቷን እማማ?»

«ስም የሌላትን። ልዩ ልዩን ሰርዝና እውነቱን አንብብ። ጠገራው በስንት ተሸጠ፣ ስንት ጎደለ፣ ለምን ጎደለ?»

ቢተው መሐመድኑርን አየ። ሽማግሌው ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ቢተው ሰረዘና ጻፈ፤ ጽፎም አነበበ። «ጠገራው በመታጠቡ ምክንያት ከዋጋው የጎደለ...»

«በመታጠቡ? ጠገራ ወንዝ ወርዶ ራሱን ያጥባል?»

ከኋላ አንዱ ሊስቅ ሞክሮ ዋጠው።

«ባንችይርጋ ሳትጠይቅ በማጠቧ በል።»

«እማማ፣ ሪፖርቱ እኮ ወደ ባህል ቢሮ ይሄዳል።»

«ይሂድ። እኔ ከአገሬ አልወጣም፤ ስሜ ይውጣ።»

ቢተው ጻፈው። አነበበውም። በቤቱ ውስጥ የዘበኛው ማንኮራፋት ብቻ ተሰማ።

«እንግዲህ ሰማችሁ» አለች ባንችይርጋ ወደ ጉባኤው ዞራ። «ቆርቆሮው የእየሩስ ነው። ያልኩትን መልሼ ወስጄዋለሁ። ከዚህ ወጥታችሁ የፊተኛውን የምታወሩ የኋለኛውንም አውሩ። ገንዘቡን ግን አልከፍልም። ሎሚውም የራሴ ነበር።»

አሁን ሁሉም ሳቀ፤ ቢተውም አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ያለው በጀት ነው። ያለው ብር ለሙሉ ጣሪያ አይበቃም፤ ለግማሹ ግን ይበቃል። ለጉባኤው ቀን የታሰበው ድግስ ይቅር ተባለ። ሊቀመንበሩ ደሴ የሚሄድበት አበልም ይቅር ሲባል መሐመድኑር ትንሽ አጉረመረመ።

«ደሴ የት ይሄዳል? ሌላ ዓመት ይደርሱበታል» አለችው ባንችይርጋ።

በመስታወቱ በኩል ያለው ጣሪያ እንዲከደን፣ በዚያኛው ጎን ባልዲ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ጠገራ ያለ ጉባኤ ፈቃድ እንዳይታጠብም ተወሰነ። በዚህ ጊዜ ሁሉም ወደ ባንችይርጋ ላለማየት ታገለ። እሷ ግን እጇን ከሁሉ ቀድማ አወጣች።

ፊርማ ላይ ሲደርስ ቢተው ቀለሙን አቀረበላት። አውራ ጣቷን ነክራ ከወረቀቱ በላይ አቆመችው።

«ባንችይርጋ የሚለው የቱ ነው?»

«ይኸው እማማ። ከዚህ እስከዚህ።»

ጎንበስ ብላ አየችው።

«ከልዩ ልዩ ይረዝማል።»

«ይረዝማል።»

«ጥሩ። ቦታ ከያዘ አይቀር በደንብ ይያዝ» አለችና ጣቷን አሳረፈች። ከዚያ «ተቀብያለሁ» ብላ ቁልፉን ከማተቧ ፈትታ ሰጠችው።