የወጥመዱ ቃል

መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሰዎች ሌባ መያዣ ብልሃት አላቸው፤ ከሺህ እውነተኛ ቃላት መሃል አንድ ውሸት ይዘራሉ። ያንን የገለበጠ ሰው «ራሴ ለቅሜው ነው» ቢል ማን ይሰማዋል?

ዘንድሮ ውሸቱን የመፍጠር ተራ የደረሰው ባልደረቦቿ «ዝምተኛዋ» ለሚሏት ልጅ ነበር። «ድንፍሎ» ብላ ጻፈች፤ «ሆን ተብሎ የሚሠራ ማታለል»። መነሻም አበጀችለት፦ ሸማኔ ክር ሰርቆ ከጨርቁ መሃል የሚተወው ስስ ቦታ። ዋና አዘጋጁ አንብበው እስኪያስላቸው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ለካ ጉድ ነሽ!»

አሁን ግን የሚስቅ የለም። የተፎካካሪው ድርጅት መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ድንፍሎ ከነሸማኔው ተጋድሞበታል። ገጹን ያዘጋጀችው ሴት ከአለቃዋ ጎን፣ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። የዝምተኛዋ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ናት። መገልበጧ ከተረጋገጠ ዛሬውኑ ከሥራ ትባረራለች።

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» አሉ ዋና አዘጋጁ። «እስቲ ንገሪን የኔ እመቤት፣ ይህን ቃል ከየት አመጣሽው?»

ታላቂቱ ዐይኗን በጨው ታጥባ፣ «ከእናቴ ነዋ!» አለች። «ቤታችን ሁሌ ይባል ነበር። ካላመኑኝ እህቴን ይጠይቋት።»

ሁሉም ወደ ዝምተኛዋ ዞሩ። እህቷ ብቻ ቀና አላለችም።

«ፈጠርኩት አላልሽኝም?» አሏት ዋና አዘጋጁ።

«ብዬ ነበር፣ ጋሼ» አለች። «ሰንፌ ነው። የእናቴን ቃል ሰጠሁዎት።»

መነጽራቸውን አውልቀው አተኩረው አዩዋት። አላመኗትም። ግን ፈጣሪዋ ራሷ ከካደች፣ ምስክር ከየት ይመጣል?

«ውሸቱን ፍጠሪ ያልኩሽ እንኳ አምኜሽ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «በይ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ።»

ደረጃው ላይ እህቷ ሮጣ ደረሰችባትና ክንዷን ያዘቻት። ዝምተኛዋ ልታቅፈኝ ነው ብላ ቆመች።

«ሚጡዬ» አለች ታላቂቱ፣ ወደ ኋላ እየተገላመጠች፣ «ሌላም የፈጠርሽው አለ እንዴ? ሁለተኛው ቅጽ ማተሚያ ቤት ሊገባብኝ ነው።»

ዝምተኛዋ ክንዷን አስለቀቀች።

«እሱን እንኳ ለፍተሽ ድረሺበት፣ እትዬ» አለቻትና ብቻዋን ወረደች።