የዳሲቱ መዳፍ

ባቡር እንኳ አቃቂ ጣቢያ ሲደርስ ቆሞ ንጹህ ውሃ ይጠጣ ነበር። የዳሲቱ ልጆች ግን ከብት ከሚንቦራጨቅበት ወንዝ ጠጡ፤ ሁለቱን ተቅማጥ ወሰዳቸው። የውሃ ጉድጓድ መቆፈር የጀመረችው ለሦስተኛዋ ስትል ነው።

መሬቱ የባላባቱ የአቶ ገብረጻድቅ ነው፤ እሷና ባሏ ቀጀላ ጭሰኞች ናቸው። ፈቃድ ሲጠይቁት፣ «ከድንጋይ ውሃ ልታልቡ ነው? ቆፍሩ!» ብሎ ሳቀባቸው። ሐዲድ ሲጠግን የሚውለው ቀጀላ ጣቢያው የጣለውን ቧንቧ ለምኖ አመጣ።

ትንሽ ጉድጓድ ምሰው ከወንዝ በቀዱት ውሃ ሞሉት፤ ቧንቧውን እዚያ አቁመው በረጅም አጣና እያነሱ ይለቁታል። ዋናው ሥራ ያለው ግን የቧንቧው የላይኛው አፍ ላይ ነው፤ ሲነሳ በመዳፍ ጥርቅም፣ ሲወርድ ክፍት። ያኔ ጭቃውን ወደ ላይ እየተፋ ወደ ታች ይሰምጣል። ወንዶቹ ሞከሩ፤ እጃቸው ወይ ይቸኩላል ወይ ይዘገያል። የሆነለት የዳሲቱ እጅ ብቻ ነበር። መዳፏ እየተላጠ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሠራች። በሃያኛው ቀን በጭቃው ፈንታ፣ በዚያው በመዳፏ ምት፣ ኩልል ያለ ውሃ ወጣ። ልጇ በቅል ጠጥታ፣ «እማዬ፣ ጭቃ የለውም!» አለች።

በማግስቱ ገብረጻድቅ ጠመንጃ ያዦቹን አስከትሎ መጣና ዙሪያውን በእሾህ አሳጠረው።

«መሬቱ የኔ፣ ውሃውም የኔ። ለአንድ እንስራ አንድ ቀን ትሠሩልኛላችሁ።»

ላለው ይጨመርለታል አሉ! መዳፏ ሲላጥ የት ነበር ይሄ ሰውዬ?

እሑድ ዕለት አዲሱን ውሃ ሊያሳይ እንግዶች ጠርቶ፣ ከብቶቹንም ከወንዝ አስመልሶ ገንዳ ዙሪያ አቆመ። ሎሌዎቹ አጣናውን አነሱ፣ ለቀቁ። ጠብ የሚል ነገር የለም። አንዱ እጁን ጫነበት፤ ላቡ ተንጠፈጠፈ እንጂ ውሃ አልወጣም። ከብቶቹ ጮሁ። እንግዶቹ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ።

«ያቺን ሴትዮ ጥሩልኝ!»

ዳሲቱ ልጇን ይዛ መጣች።

«በይ፣ እጅሽን ጫኚበት!» አላት።

«መሬቱ የእርስዎ ነው ጌታዬ። አጥሩም የእርስዎ ነው።» እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «እጁ ግን የኔ ነው። አጥሩ ሳይፈርስ አይወጣም።»

«ከመሬቴ አባርርሻለሁ!»

«ያባርሩኝ። ስሄድ እጄንም ይዤው ነው የምሄደው።»

ገብረጻድቅ እንግዶቹን አየ፣ ባዶውን ገንዳ አየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ሎሌዎቹን እሾሁን እንዲያነሱ አዘዘ። ዳሲቱ የመጨረሻው እሾህ እስኪነሳ አልተነቃነቀችም።

ከዚያ እጇን አውጥታ የቧንቧው አፍ ላይ ጫነች፤ ውሃው ወጣ። የመጀመሪያውን ቅል ለልጇ ሰጠች። ቀጥሎ ጎረቤቶቿ እንስራቸውን አስጠጉ። ባላባቱ ከብቶቹ መሃል ቆሞ ተራውን ጠበቀ።